ወሬ፣ መገናኛና ኅብረተሰብ ፦ ከመቲ የተነሣ አንድ ጥያቄ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ መገናኛ ጥናት፣ ስለ አዲሱ መገናኛና ስለ ኅብረተሰብ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ አዘጋጅ ኮሚቴው ከእኔ የጠበቀው ስለ ፌስቡክና ስለ ቴሌግራም፣ ምናልባትም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰፋ ያለ ሐተታ እንደ ነበረ አልዘነጋሁትም። እኔ ግን ከአዲስ አበባ ርቆ፣ ከደን ውስጥ ካለች አንዲት ከተማ መነሣትን መረጥሁ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

መቲ በጋምቤላ ክልል የማጃንግ ዞን ዋና ከተማ ናት። ስሟን አንዳንዱ ሜጢ ብሎ ይጽፈዋል፤ የሕዝቡንም ስም የቆዩ ሰነዶች መዠንግር ሲሉት፣ የአሁኖቹ ማጃንግ ይሉታል። አጻጻፉ ገና እንዳልጸና የሚያይ ሰው፣ ስለዚህ ሕዝብ በሌሎች እጅ ብዙ እንደ ተጻፈ፣ በራሱ እጅ ግን ጥቂት ብቻ እንደ ተጻፈ ሊገምት ይችላል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 59,248 ነበረ። ቡና፣ ማርና ጥላ የሰፈረበት ደን የአገሩ ሀብት ነው፤ ደኑንም ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ በሚመላለሱ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ጋር በምትገናኝበት ዘመን፣ ይኽ ደጋማ የደን አገር ግን ወሬውን የሚቀበለው በእግረኛ ነበር።

ወደ መቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድሁት ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በሌላ ሰው ጥናት ውስጥ መጠይቅ አስሞሊ ሆኜ ነው። ጥናቱን ያስጠናውን ተቋም ስም አላነሣም፤ ከጥፋቱ የእኔም ድርሻ አለበትና። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ወደ አማርኛ የተመለሰ ሲሆን፣ በሥፍራው ደግሞ አንድ የአገሩ ተወላጅ ወጣት ከአማርኛ ወደ ማጃንግ ቋንቋ እየመለሰ ያነብልን ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ስለ አካባቢዎና ስለ አገር ጉዳይ መረጃ የሚያገኙት ከየት ነው?» የሚል ነው። ከሥሩም አምስት ሣጥኖች ተሰልፈዋል፤ ራዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ጋዜጣ፣ ኢንተርኔት፣ ሌላ።

አንድ አዛውንት ይኽ ጥያቄ በተነበበላቸው ጊዜ ከወጣቱ ጋር ረዥም ንግግር ያዙ። እኔም ብዕሬን እንደ ያዝሁ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ወጣቱ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሌላ በለው» አለኝ።

«ይኽን ሁሉ ጊዜ ያሉት ሌላ ብቻ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ኧረ ብዙ ነው። ስለ መንገድ ከሆነ ከሾፌር እሰማለሁ ይላሉ። ስለ መሬት ከሆነ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ የወንድማቸው ልጅ አለ። ስለ ጠብ ከሆነ ግን ከማንም ቢሰሙ አያምኑም፤ የሚያውቁት ሰው በዓይኑ አይቶ እስኪመጣ ይቆያሉ። አንተ የምታምነው ማንን ነው ብለህ ጠይቀው ብለውኛል።»

እኔም «ሌላ» ከሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አደረግሁና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ተሻገርሁ። አዲስ አበባ ተመልሰን ውጤቱ በሚተነተንበት ጊዜ፣ «ሌላ» የሚለው ዓምድ ለትንተና አያመችም ተብሎ ከሠንጠረዡ ወጣ። በዚያን ጊዜ ይኽ ውሳኔ ፈጽሞ አላሳዘነኝም፤ እንዲያውም ሥራው ስለ ቀለለ ደስ ብሎኝ ነበር። እኚያ አዛውንት በጥቂት ቃላት የተናገሩት ግን ስለ መረጃ ምንጭ፣ ስለ ምንጩ ታማኝነትና ጉዳዩ አደገኛ ሲሆን ማረጋገጫው ስለሚጠብቅበት ሥርዓት ነው። የመገናኛ ጥናት ከዚህ የተለየ ምን ይጠይቃል?

ያ መጠይቅ ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ የትውልድ ሐረግ አለው። ዳንኤል ሌርነር እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ መካከለኛው ምሥራቅ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ራዲዮ የሚያደምጠውን ሰው ከልማዳዊ ኑሮ እየወጣ ያለ ሰው አድርጎ ቆጥሮት ነበር። ዊልበር ሽራም እ.ኤ.አ. በ1964 ይኽንኑ አስተሳሰብ ለልማት ዕቅድ አመቻቸው። ዩኔስኮም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መባቻ፣ አንድ አገር ለ100 ሰዎች ቢያንስ 10 የዕለት ጋዜጣ ቅጂዎች፣ 5 የራዲዮ መቀበያዎችና 2 የሲኒማ መቀመጫዎች ሊኖሩት ይገባል ሲል መለኪያ አወጣ። ዓላማቸው መልካም ነበር፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን መሣሪያ እየቆጠሩ ኅብረተሰብን መመዘን የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመው የማክብራይድ ኮሚሽን ሪፖርት የዜና ፍሰቱ ከአንድ ወገን ብቻ መሆኑን ሲነቅፍ ብዙዎቻችን አጨብጭበናል፤ መጠይቆቻችንን ግን አልለወጥናቸውም። ዛሬ «ራዲዮ» ይባል በነበረበት ሣጥን ውስጥ «ፌስቡክ» ገብቷል፤ ሣጥኑ ያው ሣጥን ነው።

በዚህ ቆጠራ መቲ ሁልጊዜ የመጨረሻው ረድፍ ላይ መገኘቷ አያስደንቅም። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር፣ ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ለሕዝብ አገልግሎት ሲከፈት፣ ተንቀሳቃሽ ስልክም በ1991 ዓ.ም. ሲገባ፣ ሁሉም ከዋና ከተማው ተነሥተው ወደ ዳር እየተጓዙ ነው። የፊደሉም ጉዞ ከዚህ የተለየ አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውና ዓለም ያደነቀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ማስተማሩ ትልቅ ክንውን ቢሆንም፣ ከአኙዋ፣ ከኑዌርና ከማጃንግ ቋንቋዎች አንዱም በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። እንዲህ ባለ አገር ለሚኖር ሰው «ጋዜጣ ያነባሉን?» የሚለው ጥያቄ መረጃ መሰብሰቢያ አይደለም፤ የሌለውን ነገር ማስታወሻ ነው።

ታዲያ በማጃንግ ዘንድ ወሬ የሚሄደው እንዴት ነበር? ጃክ ስታውደር የተባለው አንትሮፖሎጂስት ከሕዝቡ ጋር ኖሮ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1971 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳትሞታል። ያ መጽሐፍ የተጻፈው ስለ እርሻና ስለ አሠፋፈር ነው፤ እኔ ግን እንደ መገናኛ ጥናት ነው የማነበው። ማጃንግ በደን ውስጥ ተበታትኖ፣ መሬቱ ሲደክም ወደ ሌላ እየተዛወረ የሚያርስ ሕዝብ ነበር። አለቃ የሚባል ገዢ አልነበረውም። ጎረቤታሞችን አንድ አድርጎ የሚያስተሳስራቸው ቡናውን ተጠራርቶ መጠጣቱና ሥራውን በጠላ መረዳዳቱ ነው። ቡናውም የሚፈላው ከፍሬው ሳይሆን ከቅጠሉ ነው። እንግዲህ እናስተውል፤ የሚያዝ አለቃ በሌለበት፣ አዋጅ ነጋሪም በማይደርስበት አገር፣ ከዚያ የቡና ቅጠል ማሰሮ ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች አድማጮችም፣ ተናጋሪዎችም፣ እንደ ዛሬው አነጋገር አርታዒዎችም ነበሩ። የተሳሳተ ወሬ ያመጣ ሰው በማግሥቱ እዚያው ማሰሮ አጠገብ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ፊቱን የሚያዩትም ያው ሰዎች ናቸው። ማረሚያው ይኸው መተያየት ነው።

እዚህ ላይ ማጃንግን ብቸኛ አድርጌ እንዳላቀርብ እጠነቀቃለሁ። የአፋር ሕዝብ «ዳጉ» የሚለው ሥርዓት አለው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ያዩት ከሰሙት ይለያል፤ የሰሙትም ከማን እንደ ሰሙት ይነገራል፤ ሐሰት ያወራ ሰው ይነወራል። ይኽን የእኛው ዩኒቨርሲቲዎች ምሁራን አጥንተውት ማየት ያስደስታል። በመሐል አገርም ቢሆን «እረኛ ምን አለ?» እያሉ የሚያስጠይቁ ነገሥታት እንደ ነበሩ ይተረካል፤ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ይሉታል ፈረንጆች። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው አባባላችንም ስለ ሥርጭት ፍጥነት የተነገረ ነው፤ ለዚያውም ሽቦ ሳይዘረጋ።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሥራ ልመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነትና በመገናኛ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ዘርፉ ገና ወጣት ነው ማለት ነው። በዚህ አጭር ዕድሜ ከተሠሩት መካከል እኔ ከፍ አድርጌ የማየው «መቻቻል» የተባለውን ጥናት ነው። የአዲስ አበባና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በአንድነት የሠሩት ሲሆን፣ በ2007ቱ ምርጫ ዋዜማና ወቅት በፌስቡክ ላይ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ ከ13,000 በላይ አስተያየቶችን መረመሩ። በዚያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ማኅበራዊ መገናኛ በጥላቻ ተጥለቅልቋል ይል ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን በትዕግሥት አንብበው፣ የጥላቻ ንግግር ሊባል የሚችለው ከናሙናው 0.7 በመቶ ብቻ መሆኑን አገኙ። መንግሥትም ተቺዎቹም በግምት በሚናገሩበት ጉዳይ ላይ ቆጥሮ የተናገረ ጥናት ነው፤ ዘዴውም ለተማሪዎቻችን አርአያ ሊሆን ይገባል።

ይኽን ካልሁ በኋላ ያ ቁጥር እንቅልፍ የሚነሣኝ ለምን እንደ ሆነ ልናገር። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፎቶግራፋቸውና ስማቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ላይ ተለጥፎ እንደ ነበረና ይነሣልን ብሎ ቤተሰቡ አመልክቶ እንደ ነበረ፣ ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ኬንያ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜታ ኩባንያ ላይ በመሠረቱት ክስ ገልጸዋል፤ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው በ2017 ዓ.ም. ወስኗል። የሥራ ባልደረባችን ነበሩ። ከመቶ ስንት እጁ የጥላቻ ንግግር ነው የሚለው ስሌት ለእሳቸው ምን ይነግራቸዋል? ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላው ክፍል አንድን ሰው ለመግደል ይበቃል። ስለዚህ ጥያቄው ስንት ተጻፈ ከሚለው አልፎ፣ የተጻፈው ማን ጆሮ ደረሰ፣ ማንስ አመነው፣ አምኖስ ምን አደረገ ወደሚለው መሻገር አለበት። ይኽ ደግሞ ከማያ መስኮት ላይ አይነበብም።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን፣ ኩባንያው የብዙ ቋንቋዎች አገር ለሆነችው ለኢትዮጵያ የደኅንነት ቁጥጥር ዝግጅት ያደረገው በሁለት ቋንቋዎች ብቻ እንደ ነበረ ለዓለም አሳወቀች። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጨምሯል ተብሏል። ማጃንግ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ ይገባል ብሎ የሚጠብቅ የለም።

የእኛም ሕግ ከመቁጠር ልማድ አልወጣም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ ሲሠራጭ ቅጣቱን ያከብደዋል። ለአዲስ አበባ የሚስማማ ሚዛን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መቲ ላይ አምስት ሺህ ተከታይ ያለው ሰው አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ አምስት ወንድሞች ያሉትና በሌሊት ስልክ የሚደውል ሰው ነው።

ይኽን የምለው ለንግግር ማሳመሪያ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ማብቂያና በ2007 ዓ.ም. መባቻ፣ አገሩ ለዘመን መለወጫ በሚዘጋጅበት ሰሞን፣ በመቲና በአካባቢዋ በማጃንግ ተወላጆችና ከሌሎች አካባቢዎች መጥተው በሠፈሩ ነዋሪዎች መካከል ግጭት ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙ ቤተሰብም ከቤቱ ተፈናቀለ። የጠቡ ሥር መሬት ነው፤ በደርግ ዘመን ከነበረው ሠፈራና መንደር ምሥረታ ጀምሮ ደኑ እየጠበበ፣ ቡናው እየተፈለገ፣ የአስተዳደሩም ጥያቄ እየከረረ መጥቶ ነበር። ወሬ መሬትን አይፈጥርም፤ ጠብንም ብቻውን አይወልድም። ነገር ግን አንድ ሰው ሲሞት ማን ገደለው የሚለው ቃል ከመንደር ወደ መንደር የሄደበት ፍጥነት፣ የሚቀጥለውን ሟች ቁጥር ይወስናል። «መቻቻል» የተባለው ጥናት ናሙናውን መሰብሰብ የጀመረው ከዚህ ግጭት ጥቂት ወራት በኋላ ነው። በጥናቱ ሠንጠረዥ ውስጥ ግን መቲ ልትታይ አትችልም፤ ተመራማሪዎቹ ስለ ሰነፉ አይደለም፤ የመቲ ሰው የተነጋገረው በፌስቡክ ላይ ስላልነበረ ነው። በመጠይቃችን ቋንቋ የተነጋገረው «ሌላ» ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት እንደገና ወደዚያው ሄጄ ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 በጀት ዓመት ማብቂያ ደንበኞቼ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል ማለቱን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ መቲም ከዚህ ውጭ አይደለችም። በአንድ ደጃፍ ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ አንድ ወጣት ከስልኩ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር አነበበ፤ ቀጥሎም በማጃንግ ቋንቋ ለተቀመጡት ነገራቸው። ጽሑፉ ሦስት መስመር ነበር፤ ንግግሩ ግን ደቂቃዎችን ፈጀ። አጠገቤ የነበረው አስተርጓሚ ሳቅ ብሎ፣ «እዚያ የሌለ ጨመረ፤ የስድቡን ክፍል ደግሞ ዘለለው፤ እናቱ አሉና» አለኝ። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ወጣቱን አንድ ነገር ጠየቁት። የጠየቁት «ይኽን የጻፈው ሰው እዚያ ነበረን?» ብለው ኖሯል። ወጣቱ ስልኩን ወደ ላይና ወደ ታች እየገፋ ቢፈልግ መልስ አላገኘም፤ እንዳላወቀ ነገራቸው፤ ወሬውም እዚያው ላይ ቆመና ሌላ ጨዋታ ተጀመረ።

እኔ በዚያ ደጃፍ ላይ ያየሁት አዲሱ መገናኛ አሮጌውን ተክቶ አይደለም። ስልኩ ቡናው መካከል ገብቶ ተቀመጠ እንጂ ቡናውን አላስነሣውም። የመጨረሻውም መገናኛ ስልኩ ሳይሆን ያ ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ወጣት ነው፤ የሚጨምር፣ የሚዘልል፣ እናቱን የሚያፍር። ይኽንኑ ወጣት ሌሊት ከእኩዮቹ ጋር ብቻውን ሳለ፣ እናቱም ያቺ ጠያቂ ሴትም በሌሉበት ብናገኘው፣ የስድቡን ክፍል ይዘልለው ነበርን? እኔ የአዲሱ መገናኛ አደጋ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። መሣሪያው ወሬን ስላፈጠነ ብቻ ሳይሆን፣ «አይተሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀውን ሰው ከስብሰባው ሊያስወጣ ስለሚችል ነው። ይኽ አስተያየት እንጂ ግኝት አይደለም፤ በጥናት መፈተን ይገባዋል።

ለመፈተን ደግሞ ሰው አለን። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢው ለመቲ ጎረቤት በሆነችው በቴፒ ነው፤ ጋምቤላም የራሱ ዩኒቨርሲቲ አለው። ቋንቋው አልተጠናም እንዳይባል፣ አንድሪያስ ዮስዊግ እ.ኤ.አ. በ2019 በላይደን ዩኒቨርሲቲ ሰፊ የማጃንግ ሰዋስው አቅርቧል። የጎደለው ከተማሪዎቻችን መካከል ስድስት ወር እዚያ ተቀምጦ፣ ቋንቋውን ተምሮ፣ አንድ ወሬ ከተነገረበት ደጃፍ እስከ ሞተበት ደጃፍ የሚከተል ሰው ነው። ይኽን ማድረግ ከፌስቡክ ላይ አሥር ሺህ አስተያየት ከማውረድ ይልቅ ዘገምተኛ ነው፤ ለማዕረግ ዕድገትም ቶሎ አያበቃም። የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ የሆናችሁ ሁሉ፣ ተማሪው ናሙናዬ አንድ መንደር ነው ብሎ ሲመጣ «አነሰ» ብላችሁ አትመልሱት ብዬ እለምናለሁ። እኔ ራሴ ሁለት ተማሪዎችን በዚሁ ቃል መልሻለሁ፤ አንዷ በኋላ ርእሷን ለውጣ ስለ አዲስ አበባ ወጣቶችና ስለ ቲክቶክ ጻፈች፤ ጥሩ ውጤትም አገኘች።

በአሁኑ ጊዜ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን ለሚቀጥለው በጋ የሚሆን አዲስ መጠይቅ እያረቀቅን ነው። ሣጥኖቹ ጠፍተዋል፤ በምትካቸው «ባለፈው ሳምንት የሰሙትን አንድ ነገር ይንገሩን፤ ከማን ሰሙት? እሱስ ከማን ሰማው?» የሚል ገብቷል። የአማርኛው ረቂቅ አልቋል። ወደ ማጃንግ ቋንቋ የሚመልሱልን ሁለት መምህራን ግን ገና አልተስማሙም፤ አንደኛው «ዜና» እና «ወሬ» ያልናቸውን በአንድ ቃል ልመልሳቸው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሰውየው በዓይኑ ያየውና ከሰው የሰማው ካልተለየ እነዚያ አዛውንቶች ጥያቄውን አይመልሱልህም ይላል። ሁለቱም በመጪው ወር ወደ አዲስ አበባ ይመጣሉና፣ በክርክሩ ላይ ለመገኘት የምትፈልጉ አባላት ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ብትሰጡኝ ቀኑን አስታውቃችኋለሁ።